ክራሯ ግድግዳ ላይ አትሰቀል፦ «መጀመሪያ ዕቃ ይሟላ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ጽሑፉን የላከችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው የሚኖሩት፣ ክራር ከያዘች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከጽሑፉ ሥር አንድ መስመር ጨምራበታለች፦ «ጋሼ፣ ሰውየው እውነታቸውን ነው እኮ፤ ዕቃው እስኪሟላልኝ ላቁም ብያለሁ።»

ማታ ቤታቸው ጎራ ስል ክራሯ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። አራተኛዋ ክር ተበጥሳለች። መቼ ነው የተበጠሰችው ብዬ ስጠይቃት «ወር አለፋት» አለችኝ። ልጅ ያላት ክራር ምስማር ላይ ተንጠልጥላ አቧራ ስትጠጣ ማየት ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ምላሽ የምጽፈውም ለሷና እንደሷ ላቆሙ ልጆች ብዬ ነው።

ጽሑፉ ሰሞኑን በቴሌግራም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር የከረመው ነው። ላላነበባችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ፣ በተቻለኝ መጠን ሳላጣምም። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ሙዚቃ ድምፅ ነው፤ በመጥፎ ድምፅ የጀመረ ልጅ ጆሮው ይበላሻል፤ ስለዚህ ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ዕቃ)፣ ኮንደንሰር ማይክ (በጣም ስሱ የሆነ የስቱዲዮ ማይክ)፣ ሞኒተር ስፒከር (ቀረጻን ሳያሳምር የሚያሰማ) እና ሚዲ ኪቦርድ (ኮምፒውተሩን የሚያዝ ኪቦርድ) ሳይሟላ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። ሁለተኛ፣ የባህል መሣሪያዎቻችን ጠባብ ናቸው፤ ማሲንቆ አንድ ክር፣ ክራር አምስት ወይ ስድስት ክር፤ ልጁ ቶሎ ጣሪያ ይነካል። ሦስተኛ፣ የሙዚቃችን ወርቃማ ዘመን የምንለው (1960ዎቹና 70ዎቹ እ.ኤ.አ.) የመጣው ዕቃ ከውጭ ስለገባ ነው። አራተኛ፣ የባሕር ዳር አዝማሪ ቤቶች ራሳቸው ኪቦርድና ትልልቅ ስፒከር አስገብተዋል፤ ገበያው ፈርዷል። በመጨረሻም «ዝም ብለህ ተጫወት» የሚለው ምክር ያላቸው ሰዎች ለሌላቸው የሚሰጡት፣ ድህነትን የሚያሞግስ ምክር ነው ይላሉ።

የመጨረሻው ከባድ ነው። እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ግን ዕቃ የምጠላ ሰው እንዳልመስላችሁ። እንጀራዬ ዕቃ ነው። ሠርግ ላይና ባህል ምሽት ቤቶች ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ሳውንድ ማኑ ሲቀርም ሚክሰሩ ጀርባ የምቆመው እኔ ነኝ። ጸሐፊው ስለ ዕቃ ከጻፉት ብዙው ትክክል ነው፤ አምስት መቶ ሰው በተቀመጠበት የሠርግ ድንኳን ውስጥ ማሲንቆን ያለ ማይክ አሰማለሁ ማለት ዘበት ነው። እኔና እሳቸው የምንለያየው ምን ይቅደም በሚለው ላይ ነው።

ከጆሮው ልጀምር። በመጥፎ ድምፅ የጀመረ ጆሮው ይበላሻል ይላሉ፤ እኔ በሥራዬ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ኪቦርድ ስታበራው ተቃኝቶ ይጠብቅሃል። ዛሬም፣ ነገም፣ ከአሥር ዓመት በኋላም። ክራር እንዲህ አትጠብቅም። ጣና ዳር ጠዋት የተቃኘች ክራር ከሰዓት ፀሐይ ሲያገኛት ከቅኝቷ ትሸሻለች፣ ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ቆዳዋን ያላላዋል፣ ማሲንቆም እንደዚያው ነው፤ ተጫዋቾቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ቆዳውን ከሰል አጠገብ ሞቅ ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ክራር የያዘች ልጅ ከመጫወቷ በፊት መስማት ግዴታዋ ነው። ይቺ ክር ወርዳለች፣ ያቺ ወጥታለች፣ ይቺ ገና ናት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ትምህርት ነው ብላ ሳታስበው፣ ጆሮዋን ትስላለች። ከኪቦርድ የጀመሩ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ፣ አብሬያቸውም እሠራለሁ። ጣታቸው ፈጣን ነው። ግን ክራሩ ሲሸሽ የትኛዋ ክር እንደሆነች ስጠይቃቸው ያመነታሉ፣ ምክንያቱም ማንም አስገድዷቸው አያውቅም።

ስለ ቀረጻ ጥራት ከሆነ ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቡ። በ1923 ተወልደው በ2023 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት መነኩሲትና ፒያኖ ተጫዋች። አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ፒያኖ እየተጫወቱና እያዜሙ በካሴት መቅጃ የቀዱት ነገር ካረፉ በኋላ ታትሞ ወጥቷል። ስቱዲዮ የለ፣ ሳውንድ ማን የለ። ከመስኮቱ ውጭ የወፎች ድምፅ ይሰማል። ሰው ግን ከዓለም ዳር እስከ ዳር እየፈለገ ይሰማዋል። እርግጥ እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል፣ በኋላም ካይሮ ሄደው አጥንተዋል፣ ብዙ ልጅ የማያገኘው ዕድል ነው። ልብ በሉ ግን፣ የተማሩት መጫወት ነው። መቅጃው ተራ ካሴት ነበር።

እኔ ራሴ የጸሐፊውን መንገድ ሄጄበታለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ያጠራቀምኩትን ብር ሁሉ ሳውንድ ካርድና ኮንደንሰር ማይክ ላይ አዋልኩት። ኮንደንሰር ማይክ በራሱ አይሠራም፣ በገመዱ በኩል 48 ቮልት ይፈልጋል፤ እሱ ቶሎ ገባኝ። ከዚያ ክራሩን ስነካ ድምፁ በሄድፎኑ ዘግይቶ ይደርሰኝ ጀመር። ምክንያቱን ለማወቅ ሳምንት ፈጀብኝ። ኮምፒውተር ድምፅን የሚቀበለው በጥቅል በጥቅል ነው፤ በሴኮንድ 44,100 ናሙና እየተቆጠረ ጥቅሉ 512 ቢሆን ለመግቢያው ብቻ 12 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይሄዳል፣ ለመውጫውም ያንኑ ያህል፣ ሳውንድ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር (ሾፌሩ) ካልተስማማ ደግሞ ከዚያ በላይ። ጣትህ አንድ ቦታ ነው፣ ጆሮህ ሌላ ቦታ። ጥቅሉን ሳሳንሰው ላፕቶፑ አልችል አለና ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። እሱን ስፈታ «እምምም» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ፤ መብራታችን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፣ በቻርጀሩ ገመድ በኩል ቀረጻው ውስጥ ገብቷል። ቻርጀሩን ስነቅል ይጠፋል። ባትሪው ደግሞ አርባ ደቂቃ ነው የሚቆየው።

ይህ ሁሉ ተፈትቶ ሲያልቅ ክረምት ገባ። ጣሪያዬ ቆርቆሮ ነው። ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚሰማ ለባሕር ዳር ሰው አልነግርም። ማይኩ በጣም ስሱ ስለሆነ ዝናቡንም፣ ባጃጁንም፣ የጎረቤቱን ዶሮም አንድ ሳያስቀር ይይዛል።

በነዚያ አምስት ወራት ክራር ያነሳሁት ለሙከራ ብቻ ነበር። አንድም ዘፈን አልጨረስኩም። ያ ጊዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በመጨረሻ የቤቱን ድምፅ ያስተካከለልኝም ምን መሰላችሁ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ወፍራም ብርድ ልብስ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው እዚህ ላይ ክር ቆጠሩ እንጂ ድምፅ አልቆጠሩም።

ማሲንቆ አንድ ክር ናት፣ እውነት ነው። ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንድ ክር። ግን ጊታር አንገት ላይ የምናያቸው ብረቶች የሏትም፣ ስለዚህ ጣት ያረፈበት ቦታ ሁሉ ድምፅ ነው። ኪቦርድ ላይ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳዩ) እኩል አሥራ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ነው የሚቀርብልህ፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ምንም የለም። አንድ ጥሩ ማሲንቆ ተጫዋች በአንቺ ሆዬ ቅኝት ሲጫወት ስሙት። አንዳንዱ ድምፅ ከነጩም ከጥቁሩም ቁልፍ ላይ አያርፍም፣ መሃል ላይ ይቆማል፣ ከዚያ እየተንሸራተተ ይሄዳል። እኔ እዚያ ቦታ ስደርስ ግራ እጄ ሁልጊዜ ፒች ቤንድ ላይ ነው፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚያንሸራትተው መቆጣጠሪያ ላይ።

አንዳንድ ዘመናዊ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ቁልፍ በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አላቸው። ትልቅ ነገር ነው፣ እጠቀምበታለሁ፣ ጸሐፊውም ይህን ቢያነሱ ክርክራቸው ይጠነክርላቸው ነበር። ግን ምን ያህል ከፍ፣ ምን ያህል ዝቅ? እሱ መመሪያው ላይ አልተጻፈም። እኔ ያስተካከልኩት አጠገቤ የሚቀመጠው ማሲንቆ ተጫዋች «ገና ነው... ገና ነው... እ፣ እዚያ ላይ!» እያለኝ ነው። ብዙ ብር የወጣበት ዕቃ የዚያችን የአንዷን ክር ድምፅ ለማግኘት ነው የሚደክመው፣ መንገዱንም የሚያሳየው እሷን ሲጫወት ያደገ ጆሮ ነው።

ደግሞስ ቀላል ናቸው ያለው ማነው? በገናን ውሰዱ። አሥር ክር አላት። ያ ደረት ውስጥ የሚገባው ንዝረት የሚመጣው እንዚራ ከሚባሉት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው፣ በክሩና ክሩ በሚያርፍበት ድልድይ መካከል ይገባሉ። ቁራጩ ትንሽ ካለፈ ክሩ ይታፈናል፣ ትንሽ ከጎደለ ንዝረቱ አይመጣም። አሥሩንም አስተካክሎ ለመጨረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋሽንት በተለምዶ አራት ቀዳዳ ነው ያላት፤ ዘፋኙ ድምፁን ሲቀይር ዋሽንት ነፊው ሌላ ርዝመት ያላት ዋሽንት ያወጣል፣ ለዚህ ነው በርከት አድርጎ ይዞ የሚዞረው። ክራርን መግረፍ አንድ ትምህርት ነው፣ በጣት መደርደር ሌላ ትምህርት ነው። እነዚህ ሁሉ ዕቃ ናቸው፣ ውስብስብ ዕቃ። ልዩነቱ ውስብስብነታቸው እጅና ጆሮ ውስጥ መግባቱ ነው፤ አንዴ ከገባ ደግሞ መብራትም አይፈልግ፣ አይሰረቅም፣ አያረጅም።

ስለ ጣሪያ ከተነሳ፣ ጌታቸው መኩሪያን ላስታውስ። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱት እሳቸው ናቸው። ሳክስፎን ከውጭ የመጣ፣ ቁልፉ የበዛ መሣሪያ ነው። እሳቸው ግን የነፉበት በአገራችን ሰው ጉሮሮ ውስጥ የኖረውን ነገር ነው። ሽለላውን አስቀድመው ባይሰሙት ኖሮ ሳክስፎኑ ከየት ያመጣላቸው ነበር? ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው ደብረ ታቦር አቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ፣ የሚማሩትን ተማሪዎችም አስቡ። ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ነው ያላቸው። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ፣ ሦስት የዜማ ስልት ነው። ስንት ዓመት ተምረው እንኳ ጨረስኩ የሚል የለም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ወርቃማው ዘመን። እዚህ ግማሹን እቀበላለሁ። ጥሩምባው፣ ሳክስፎኑ፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩና ኦርጋኑ ከውጭ ባይገቡ ያ ድምፅ አይኖርም ነበር። ጸሐፊው ግን ዕቃው ከማን ጋር እንደመጣና ማን እጅ እንደገባ ዘለውታል። በ1924 (እ.ኤ.አ.) ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉት አርመኖች የነሐስ መሣሪያ መጫወት የሚችሉ ልጆች ነበሩ፣ አብሯቸውም የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን መጡ። አስተማሪና ተጫዋች አብሮ ገባ ማለት ነው። በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች ሲቋቋሙ ጥሩምባው የቤቱ ንብረት ነበር። ልጁ ሲቀጠር ይሰጠዋል፣ ሲለቅ ይመልሳል። ደመወዝ አለ፣ ልምምድ አለ፣ አጠገቡ የሚጫወት ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለ። ያ ዘመን እንዲደገም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መመኘት ያለበት ይህንን ይመስለኛል። መኝታ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ዕቃ የሚሰበስብ ልጅ የዚያ ዘመን ተቃራኒ ነው።

ቀረጻውማ ምን ነበረ? ባንዱና ዘፋኙ አንድ ላይ ቆመው ይጫወታሉ፣ አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። በኋላ የሚቆረጥና የሚቀጠል ነገር የለም ማለት ይቻላል። አምሐ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሸክላ ማውጣት ሲጀምሩ ሸክላው የሚታተመው እንኳ ውጭ አገር ተልኮ ነበር። ዕቃ ከተባለ አሁን አንድ የባሕር ዳር ልጅ ስልክ ውስጥ ያለው ከዚያ የሚበልጥ ነገር አለ። እነሱ የነበራቸው ትርፍ ነገር አብሮ የመጫወት ሰዓት ነው።

ለጸሐፊው የሚጠቅም ምሳሌ ራሴ ልጨምር፣ ነገሩን በቅንነት እንድናየው። የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮናቸውን ይዘው፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ጨምረው፣ ብቻቸውን አንድ አልበም ሠርተዋል። በጣም የምወደው ሥራ ነው። ማሽኑ ባይኖር አይሠራም ነበር፣ ይህን እመሰክራለሁ። ግን ያ ማሽን ያገኘው የማንን እጅ ነው? ከዋልያስ ባንድ ጋር ሂልተን ሆቴል ውስጥ ስንት ሌሊት የተጫወተ እጅ ነው። ከዚያ በኋላም ታክሲ እየነዱ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ፣ ትንሽ ኪቦርድ ከመኪናቸው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ። እኔ ይህን ታሪክ ለልጆች ስነግር የማተኩረው መኪናው ላይ ነው።

«ገበያው ፈርዷል» የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን ከውስጥ ስለማውቀው አንድ ነገር ልበል። አዎ፣ አዝማሪ ቤቶቻችን ኪቦርድና ስፒከር አላቸው። አንዱን ኪቦርድ የምጫወተው እኔ ነኝ። እንዴት እንደገባ ግን ላስረዳችሁ። አንዱ ቤት ስፒከር ሲያስገባ ጎረቤቱ ያለው ማሲንቆ አልሰማ አለ። እሱም ገዛ። ከዚያ የመጀመሪያው ሰውዬ የበለጠ ትልቅ ገዛ። ይህ የጩኸት ፉክክር ነው፣ ስለ ሙዚቃው የተሰጠ ፍርድ አድርጌ አልወስደውም።

ፍርድ ማየት የፈለገ ሰው እንግዳው «ተቀበል!» የሚልበትን ደቂቃ ይመልከት። እንግዳው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። እንግዳው ግን ዘፋኝ አይደለም። ስንኙ መሃል ላይ ይጠፋበታል፣ ይስቃል፣ ጓደኛውን ዞር ብሎ ያያል፣ ቤት መምቻውን ይፈልጋል። ማሲንቆው ይጠብቀዋል። ደጋኑን እየጎተተ፣ ያንኑ ሐረግ እያዞረ፣ ሰውየው ቃሉን እስኪያገኝ ያቆየዋል። እኔ ኪቦርዱ ላይ ስታይል (በራሱ የሚሄደውን ምትና አጃቢ) ከለቀቅኩ ግን ከበሮው ማንንም አይጠብቅም። ሰውየው ሲዘገይ ምቱ ጥሎት ይሄዳል፣ ያማረው ስንኝ ይወድቃል፣ ሳቁም አብሮ ይቀራል። ይህን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ «ተቀበል» ሲባል ስታይሉን አጠፋለሁ። ከሥር አንድ ድምፅ ብቻ ይዤ ማሲንቆውን እከተላለሁ። ብሩ አዝማሪው ግንባር ላይ የሚለጠፈው በዚያ ሰዓት ነው። ስለ ገበያ የምናወራ ከሆነ ገበያው እሱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

«ዝም ብለህ ተጫወት ማለት ድህነትን ማሞገስ ነው» የሚለውን ሳነብ ቆም ብዬ አስቤያለሁ። እውነት አለበት። የራሱ ስቱዲዮ ያለው ሰው ካሜራ ፊት ቆሞ «ዕቃ ምንም አይደለም» ሲል እኔንም ያመኛል። የአንዲት ልጅ ዘፈን ጥሩ ሆኖ ሳለ ቀረጻው ስለደከመ ብቻ ሰሚ ካጣ በደል ነው። ክር መግዛት የሚያቅተው ቤት አለ። አንድም የሙዚቃ መሣሪያ የሌለበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው፣ ለዚህ መጮህ ያስፈልጋል፣ ጸሐፊው ከጮኹ አብሬያቸው እጮሃለሁ።

ግን ከዚህ እውነት ተነስተው የደረሱበትን ቦታ ተመልከቱ። ዕቃ የሌለው ልጅ ተበድሏል፣ ስለዚህ ዕቃ እስኪያገኝ አይጀምር። በበደሉ ላይ ሌላ በደል! ገንዘብ ያለው ቤት ልጅ በሳምንቱ ይጀምራል። የእህቴ ልጅ ትጠብቃለች። እስከ መቼ? እናቷ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ የሚተርፈውን አውቀዋለሁ። ያ የጸሐፊው ዝርዝር በዚያ ትርፍ እስኪሟላ ልጅቷ ሃያዎቹን ታጋምሳለች። እስከዚያ ጣቷም ጆሮዋም የት ይቆያሉ? ክራር እንደ ደብተር ዘግተህ አስቀምጠህ ከዓመታት በኋላ ካቆምክበት ገጽ የምትቀጥልበት ነገር አይደለም። «ዝም ብለሽ ተጫወቺ» የሚለው ምክር ድሃዋን ልጅ ዛሬ ያስጀምራታል፤ «መጀመሪያ ይሟላ» የሚለው በር ላይ ያቆማታል። ለድሃ አስቦ የተጻፈ ጽሑፍ ድሃውን ልጅ ከሙዚቃ ሲያስቀር ሳይ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ጽሑፉን ያነበበችበት ስልክ ድምፅ ይቀዳል። ልብስ የተሰቀለበት ቁም ሳጥን ከፍታ፣ ስልኩን ክንድ ያህል ራቅ አድርጋ አስቀምጣ ትቅዳ። በማግስቱ ትስማው። የት ላይ እንደምትፈጥን፣ የትኛዋ ክር እንደሸሸች፣ ግርፏ የት ላይ እንደሚደክም ትሰማለች። ለጀማሪ ይህ ከሞኒተር ስፒከር በላይ ያስተምራል። ሳውንድ ካርድም ቢሆን በየቤቱ መኖር የለበትም። እኛ አራት ሆነን በአንድ ሳውንድ ካርድ ነው የምንሠራው፤ በፎጣ ተጠቅልሎ በባጃጅ ከቤት ቤት ይሄዳል። ድሮ ጥሩምባው የባንዱ ቤት ንብረት እንደነበረው ማለት ነው።

ደግሞ ዕቃው የትም አይሄድባትም። በየመድረኩ የምናየው ሹር ኤስኤም 58 ማይክ ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፣ እኔም ዛሬ ማታ የምጠቀመው እሱኑ ነው። አሁን ያልገዛ ሰው ያመለጠው ነገር የለም። ይህን ለጸሐፊውም በአክብሮት እላለሁ፣ ባሕር ዳር ቢመጡ አብረን ብንጫወት ደስ ይለኛል፤ ከጽሑፋቸው እንደተረዳሁት ጥሩ ጆሮ ያላቸው ሰው ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷንም ክራሯንም ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። መረብ ሲጠግኑ ከነበሩት ዓሣ አጥማጆች አንዱ ናይለን ክር በክንዱ ለክቶ ቆርጦ ሰጠን። ብር ስሰጠው እምቢ አለ፤ «ትጫወትልን» አለ። ራሷ ቋጠረችው። አዲስ ናይለን እስኪረጋ ድረስ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ቃኝታ ሳትጨርስ ይወርዳል፣ ትመልሰዋለች፣ ደግሞ ይወርዳል። እንደምንም የባቲን ቅኝት አስያዘቻትና ትንሽ ተጫወተች። እጇ ከብዶባታል፣ አንድ ወር ቀላል አይደለም። ሰውዬው ግን መረቡን አስቀምጦ ሲሰማ ነበር።

ስንመለስ «ሳውንድ ካርዱን ግን አሁንም እፈልጋለሁ» አለችኝ። መፈለጓ ትክክል ነው። የምትቀጂው ዘፈን የያዝሽ ዕለት ግማሹን እኔ እችላለሁ አልኳት።

«ቃልህ ነው ጋሼ?»

«ቃሌ ነው።»

ባጃጅ እስኪመጣ ቆመን ሳለ አራተኛዋ ክር እንደገና ወረደች። ጆሮዋን ወደ ክራሯ አስጠጋችና መቃኛዋን ማዞር ጀመረች።